አራት ስም የተጻፈበት ሥራ

ዘኖቪያ ፓልኩ የተገኘችው በልብስ ማጠቢያው ክፍል ወለል ላይ፣ ቢጫ የላስቲክ ጓንቷን እንዳጠለቀች ነው። የሙቅ ውሃው ቧንቧ አሁንም ይፈስሳል። ከአጠገቧ አስራ ሁለት ነጭ ፎጣዎች ታጥፈው ተደርድረዋል። አስራ ሦስተኛውን እንደያዘች ወድቃለች።

ኢንስፔክተር ሊቪያ ኮዝማ በሩ ላይ ቆማ ክፍሉን ቃኘችው። መስኮቱን የእሳት አደጋ ሠራተኞች ወለል አድርገው ከፍተውታል፤ የክሉዥ ከተማ የየካቲት ብርድ እንደ ባለቤት እየተንጎራደደ ይገባል። ግድግዳው ላይ አሮጌ የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ተሰቅሏል። ከሠራተኞቹ አንዱ እጁን እስከ ክርኑ ድረስ ጭስ መውጫው ውስጥ ከተተና ጭራሮ፣ ላባና የደረቀ የእርግብ ኩስ ጎትቶ አወጣ።

«ይኸውልዎት» አለ ወለሉ ላይ እየጣለው። «ጋዙ መውጫ ሲያጣ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ራስ ያዞራል፣ ያስተኛል፣ ከዚያ አለቀ።»

«ጎጆው ስንት ጊዜ ሆኖታል?»

«ከመኸር ወዲህ መሆን አለበት። አንድ ሰው መሰላል ይዞ ቢወጣ በሩብ ሰዓት ያጸዳው ነበር።»

ረዳቷ ጊጻ ከበሩ በላይ የተሰቀለችውን ክብ ነጭ የጋዝ ማንቂያ አውርዶ ክዳኗን ከፈተ። «አለቃ፣ ባትሪ የላትም» አለ። ይህንንም ደብተሩ ላይ ጻፈ። ጊጻ የማይጽፈው ነገር አልነበረም፤ ዝንብ ብታልፍ እንኳ ሰዓቷን ይመዘግባል ብለው ጣቢያ ውስጥ ይስቁበታል።

ሟቿ የኩባንያው ጽዳት ሠራተኛና የአንዲት ልጅ እናት ናት፤ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ገብታ፣ ስለበረዳት መስኮቱን ዘግታ ሥራ ጀምራለች። ሁለት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ከቢሮው ሠራተኞች አንዷ አግኝታታለች። በዚያ ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ሁሉም ነገር አልቋል።

ኮሪደሩ ላይ ነጭ ጫማ ያደረገ ቀጭን ሰው ቆሞ ይጠብቅ ነበር። የቡድኑ ኃላፊ ቴዎፊል ብራድ ነው።

«ወይዘሮ ኢንስፔክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አምስት ደቂቃ ብቻ። ቢሮዬ ገብቼ ሠራተኞቹ ዛሬ እንዳይመጡ ልንገራቸው። ልጆች ናቸው፣ እንዳይደነግጡ።»

«ይግቡ» አለች ሊቪያ ፊቷን ሳታዞር።

ተንበርክካ የሟቿን ጓንት ስታወልቅ፣ ከሽርጧ ኪስ ውስጥ ስልክ ጪጭ አለ። አንድ ጊዜ ብቻ። ሊቪያ እጇን ከጓንቱ አነሳች። «ልጇ ትሆናለች» አለች ቀስ ብላ። የራሷም ልጅ በዚህ ሰዓት ነበር ትምህርት ቤት መድረሱን የሚልክላት።

ጊጻ ሰዓቱን አየና ጻፈ፦ ሁለት ሰዓት ከአርባ አንድ፣ ስልክ ጮኸ።

«እሱንም?» አለች ሊቪያ።

«እሱንም አለቃ።»

*

ኩባንያው ለሌሎች ኩባንያዎች የሥራ ማከፋፈያ ፕሮግራም የሚሠራ ነው፤ ራሱም የሚተዳደረው በዚያው ነው። በትልቁ ክፍል ግድግዳውን የሞላ ስክሪን አለ። እያንዳንዱ ሥራ አንድ መስመር፣ ከጎኑ የባለቤቶቹ ስም። ያልተሠራው ቀይ፣ ያለቀው አረንጓዴ። ሁሉም አረንጓዴ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ከዓርብ የተረፈ ኮዞናክ፣ ያ ዋልነት ያለበት ጣፋጭ ዳቦ፣ ተነክሶ ተጥሏል። ሰሌዳው ዓርብ ማታ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ሲሆን ሙዚቃ ያሰማል፣ ዳቦው ይቆረሳል። ልማዳቸው ነው።

ቴዎፊል አንዱን መስመር በጣቱ ነካና አሰፋው።

«የማሞቂያው ጭስ መውጫ ይታይ፤ እትዬ ዘኖቪያ ራሷን ያማታል ትላለች» ብሎ አነበበ። «የተከፈተው ከሃያ ሦስት ቀን በፊት ነው። ባለቤቶቹ አራት ናቸው፦ እኔ፣ ክሪና፣ ቪርጂል፣ እትዬ ዘኖቪያ። ዓርብ ማታ ተፈጽሟል ተብሎ ተዘግቷል።»

«ማን ዘጋው?»

«ቡድኑ።»

«ቡድን ጣት የለውም። የማን ጣት ጫነው?»

ቴዎፊል ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ፈገግ አለ። «የጋራ ሥራ ሲሆን ማን እንደጫነው ሰሌዳው አያሳይም። ሆን ብለን ነው እንዲህ ያደረግነው፣ ሰው እንዳይወቃቀስ። ደንበኞቻችን በጣም የሚወዱልን ይሄንን ነው።»

ከመስመሩ ሥር አስራ አንድ ወደ ላይ የተነሱ ትንንሽ አውራ ጣቶች ተደርድረዋል። «እነዚህስ?» አለች ሊቪያ።

«አይተነዋል ማለት ነው።»

«አስራ አንድ ሰው አይቶታል?»

«ግልጽነት ባህላችን ነው» አለ ቴዎፊል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለቤተሰቧ ስል ባልናገረው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ዓርብ ለአስራ ሁለት ሰዓት አስር ደቂቃ ሲቀረው ወጥ ቤት ገብቼ ነበር። እትዬ ዘኖቪያ ሰሌዳውን የሚያሳየው ታብሌት ፊት ቆማ ስትጫን አይቻታለሁ። ራሷ ናት የዘጋችው። ምናልባት መጥቶ የሠራው ሰው አለ ብላ አስባ ይሆናል። አልፈርድባትም።»

ሊቪያ ስልኳን እያወጣች ወደ ኮሪደሩ ወጣች። የሰውዬው እጅ ላይ የፈሰሰው የእጅ ማጽጃ ሽታ፣ የተነከሰው ዳቦ፣ አውራ ጣቶቹ፣ ሁሉም አብረዋት የወጡ መሰላት።

ዐቃቤ ሕጉ በስልክ ሲያናግራት ሌላ ነገር እየበላ ነበር። «አራት ሰው ከሆነ ማንም አይደለም ማለት ነው፣ ሊቪያ። አንዷ ደግሞ ሟቿ ናት። አደጋ ነው በይና እስከ ነገ ዝጊው።»

*

ቪርጂል ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ጢሙ የተንጨባረረ ፕሮግራመር ነው። ገና ሳይቀመጥ ተናዘዘ።

«ባትሪውን እኔ ነኝ የወሰድኩት። የኮምፒውተር ማውሴ ባትሪ ሞቶብኝ ነበር።»

«ከማንቂያው ላይ?»

«ይጮህ ነበራ! ስብሰባ ላይ ተቀምጠን ጲጵ ጲጵ ጲጵ ይላል። ጆሯችንን በላው። ቴዎፊልም አንድ ሰው ዝም ያሰኘው ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ሰው ሁሉንም ሰው አየ። እኔ ተነሳሁ።» ትንሽ ሊስቅ ቃጣው። «ጀግና ተባልኩ።»

«ለምን እንደሚጮህ ማንም አልጠየቀም?»

«ባትሪው አልቆ ነዋ። ሲያልቅ ይጮሃል።»

«ማውስህ ሠራ?»

«አዎ፣ እስካሁን...» ብሎ አፉ ተከፍቶ ቀረ።

ያለቀ ባትሪ ማውስ አያሠራም። ማንቂያው የጮኸው ጋዝ ስላገኘ፣ ሥራው ስለሆነ ነው። ቪርጂል ፊቱ ቀስ በቀስ አመድ መሰለ።

«ዓርብ ለአስራ ሁለት ሰዓት አስር ሲቀረው የት ነበርክ?»

«ባቡር ላይ። ኦራዴያ፣ እናቴ ጋ እየሄድኩ። ትኬቱ አለኝ።»

«ከባቡር ላይ ሥራ መዝጋት ይቻላል?»

«ከየትም ይቻላል። ከመጸዳጃ ቤትም ይቻላል።»

ስለዚህ ትኬቱ ምንም አያወጣም። ሊቪያ በዚያ ሰዓት ሴትየዋን የገደላት ይሄ ነው ብላ ልትወስን ትንሽ ቀርቷት ነበር። ባትሪውን የወሰደ ሰው ሥራው እንዲዘጋ የሚፈልግበት ምክንያት አለው። ግን አንድ ነገር አልዋጥላት አለ። ቪርጂል የሠራውን የሚደብቅ ሰው አይደለም። ለመናዘዝ የሚሽቀዳደም ነው።

ክሪናም እንደዚያው ነበረች። ሬሳውን ያገኘችው እሷ ናት፤ አሁንም ትንቀጠቀጣለች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። «ሥራው የእኔም ነበር። ቪርጂል ያየዋል ብዬ ተውኩት መሰለኝ።»

«መሰለኝ ማለት?»

«አራት መቶ ሥራ አለኝ፣ ሦስት መቶው የጋራ ነው። የቱን እንዴት እንደተጋራሁ አላስታውስም። ይሄን አይቼ አውራ ጣት ማድረጌን ግን አስታውሳለሁ። ስሜ ካለ የእኔ ነው ማለት ነው አይደል?»

«ሴትየዋ ራሷን ያማታል የሚለውን አንብበሽ አውራ ጣት አደረግሽ?»

«ለማበረታታት ነው» አለች ክሪና፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም የሰማችው መሰለና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

*

ሰባት ሰዓት ላይ ሊቪያ ጣቢያ ስትደርስ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳ ያዘለች ልጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነበር። አስራ ስድስት ዓመት ይሆናታል። አልቅሳ ጨርሳለች።

«ኢሊንካ ፓልኩ እባላለሁ። የእናቴን ጉዳይ የሚይዘው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ማን ነገረሽ?»

«አቶ ቴዎፊል። ትምህርት ቤት ደውለው። በጣም ጥሩ አድርገው ነው ያናገሩኝ» አለች ኢሊንካ፣ እያንዳንዱን ቃል እየነከሰች። «እናትሽ ራሷ ናት ሥራውን የዘጋችው፣ ማንንም አትውቀሺ አሉኝ። እውነት ነው? እናቴ በራሷ ስህተት ነው የሞተችው?»

ሊቪያ ቀና ስትል የጣቢያው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ነጭ ሰሌዳ አየች። «ለሟቿ ልጅ ይነገር» ይላል። ከጎኑ ሦስት ስም፦ ኮዝማ፣ ጊጻ፣ ተረኛው። ሊቪያ ተረኛው ይነግራታል ብላ ነበር። ተረኛው ጊጻ ብሏል። ጊጻም አለቃዬ እናት ናት፣ ብታናግራት ይሻላል ብሎ ትቶታል። ጆሮዋ ድረስ ፊቷ ጋለ።

«አላውቅም» አለቻት። «ገና አላውቅም። ግን የጠዋቱ መልእክትሽ ሲገባ እዚያው ነበርኩ። አዝናለሁ።»

«የምን መልእክት?»

«ጠዋት ስልኳ ላይ የላክሽው።»

«እኔ አልላክሁም። ለእማዬ ጽሑፍ አልክም። ማንበብ ገና እየተማረች ስለሆነች ድምፄን ነው የምቀዳላት፣ እሱም ማታ ነው። በሥራ ሰዓት ስልክ ሲጮህባት ትፈራለች።»

ሊቪያ አግዳሚው ላይ ከጎኗ ተቀመጠች። ከዚያ ጠየቀች፦ «የት ነው የምትማረው?»

«የጎልማሶች የማታ ትምህርት ቤት። ሰኞና ዓርብ።»

«ዓርብ ስንት ሰዓት?»

«ከአስራ አንድ እስከ አንድ ሰዓት።»

ሊቪያ በሃያ ዓመት ሥራዋ የሟች ሰው የት እንደነበር ማስረጃ ስትፈልግ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። መምህርት አውሪካን በስልክ ስታገኛት፣ ሴትየዋ ሳታመነታ መለሰች።

«ዘኖቪያ? ዓርብ እዚሁ ነበረች። አንድ ቀን ቀርታ አታውቅም። የስም መቆጣጠሪያው ላይ በእጇ ፈርማለች። ደብዳቤ መጻፍ ነበር የተማርነው፣ ለአንድ ሰው የሚያስፈልጋችሁን ጠይቁ ብዬ። አንድ ሰዓት ሙሉ ጻፈች። ላቧን እየጠረገች ነው የጻፈችው።»

ትምህርት ቤቱ ከቢሮው በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ ይርቃል። ቴዎፊል ወጥ ቤት አየኋት ባለበት ሰዓት ዘኖቪያ ከተማው ማዶ ነበረች።

ሊቪያ የማስረጃ ከረጢቱን አስመጥታ ስልኩን ኢሊንካ ፊት አስቀመጠችው። ልጅቷ የእናቷን የመክፈቻ ቁጥር ነካች። ስክሪኑ ላይ አንድ መልእክት ብቻ ነበር፤ ሊቪያ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

ቴዎፊል ብራድ አንድ ሥራ አጋርቶዎታል። ዛሬ፣ ሁለት ሰዓት ከአርባ አንድ።

ከጀርባዋ ጊጻ ደብተሩን ገለጠ። ስልኩ የጮኸበት ሰዓት አለ። ከዚያ በላይ ባለው መስመር ደግሞ፦ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አምስት፣ ኃላፊው ለአምስት ደቂቃ ቢሮው እንዲገባ ጠየቀ፤ አለቃ ፈቀደች።

ማንም አልሳቀበትም።

*

ማክሰኞ ጠዋት ሊቪያ ሦስቱንም በትልቁ ክፍል ሰበሰበች። ሰሌዳው ላይ አዲስ ቀይ መስመር ነበር፦ ለእትዬ ዘኖቪያ ቀብር አበባ ይገዛ። አስራ አንድ ባለቤት አለው።

«አበባው ተገዛ?» ብላ ጠየቀች።

ሁሉም ሁሉንም አየ።

«ቪርጂል፣ ሰሌዳው ማን ምን እንደጫነ አያሳይም ተብያለሁ። ከሥሩስ?»

«ከሥሩ ሁሉም ነገር ይቀመጣል» አለ ቪርጂል። «የምንደብቀው ከሰው እንጂ ከማሽኑ አይደለም።»

«ቪርጂል፣ ይሄ የኩባንያው የውስጥ መረጃ ነው» አለ ቴዎፊል።

«የዐቃቤ ሕግ ፈቃድ ይኸው» አለች ሊቪያ ወረቀቱን ከዳቦው ፍርፋሪ አጠገብ እያስቀመጠች። «ክፈተው።»

የቪርጂል ጣቶች ወደ ማውሱ አልሄዱም፤ ገፋ አደረገውና በቁልፎቹ ብቻ ጻፈ። ረጅም ጽሑፍ ወረደ። ቪርጂል ማንበብ ጀመረ፣ ከዚያ ድምፁ ቀጠነ።

«የተከፈተ ጊዜ ባለቤቱ አንድ ነው። ቴዎፊል። ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ አንድ። ዓርብ ለአስራ ሁለት አስር ሲቀረው የዘጋው ቴዎፊል፣ ከራሱ ኮምፒውተር። ትናንት ሁለት ሰዓት ከአርባ አንድ... ሦስት ሰው ጨመረ። እኔን፣ ክሪናን፣ እትዬን።»

«እኔ አልነበርኩም?» አለች ክሪና።

«አልነበርሽም። እኔም አልነበርኩም!» ቪርጂል ፊቱ ሊበራ ሲል የሊቪያን ዓይን አየ።

«ባትሪውስ?» አለችው። ፊቱ መልሶ ጠፋ።

ክሪና ወደ ቴዎፊል ዞረች። «ትናንት ሙሉ ቀን ገዳይ ነኝ ብዬ ነው የዋልኩት። አንተ አቅፈኸኝ ሁላችንም ነን አልክ።»

«ሁላችንም ነንኮ!» ቴዎፊል ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ከፍ አለ። «አስራ አንድ ሰው አይቶታል! አንድ መስመር ብቻ ነበር ቀይ የቀረው፣ ዳቦው ተቆርሶ ልጆቹ ቆመው ይጠብቃሉ። ሰኞ ሰው እጠራለሁ ብዬ ዘጋሁት። ሰኞ ልጠራ ነበር!»

«ሰኞ የጠራኸው እኛን ነው» አለች ሊቪያ፤ እርስዎ ማለቱ ከአፏ አልወጣ አለ። «ሬሳዋ አስር ሜትር ላይ ተጋድሞ፣ እኔ ጓንቷን እያወለቅሁ፣ አንተ ግድግዳው ማዶ ሆነህ በገደላት ሥራ ላይ ስሟን ትጽፋለህ። እነዚህ ልጆች መልእክቱ ለምን አልጮኸባቸውም ታውቃለህ? በቀን መቶ ስለምትልኩላቸው ድምፁን ዘግተውታል። ለእሷ ግን ማንም ምንም አጋርቷት አያውቅም። ኪሷ ውስጥ ጮኸ።»

ቴዎፊል ነጭ ጫማውን አየ። «ክብደቱን ብቻዬን መሸከም አልቻልኩም» አለ።

«ልጇ ጋ ስትደውልስ? እሷንም ልታሸክማት ነው?»

ጊጻ ክንዱን ይዞ አስነሳው፤ ሰዓቱንም ጻፈ። ሲወጡ ሊቪያ ወደ መታጠቢያው ገብታ እጇን ሁለት ጊዜ ታጠበች። በቀዝቃዛ ውሃ ነበር።

*

የፓልኩዎች ቤት በመናሽቱር ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ አንድ ክፍል ነው። ፍሪጁ ላይ ፊደል በትልቁ የተጻፈባቸው ወረቀቶች ተለጥፈዋል። የኢሊንካ አክስት ከማልቀስ አርፋ ጓዳ ሾርባ ትሠራለች።

«እናትሽ አልዘጋችውም» አለች ሊቪያ ኮቷን ሳታወልቅ። «ባለቤቱም አልነበረችም። ስሟን ከሞተች በኋላ ነው የጨመረው። በቁጥጥር ሥር ነው፣ መዝገቡም ይህንኑ ይላል።»

ኢሊንካ ትከሻዋ ወረደ።

«ሌላም አለ» ቀጠለች ሊቪያ። «ትናንት ጠዋት ልነግርሽ የሚገባኝ እኔ ነበርኩ። ሰሌዳችን ላይ ሦስት ስም ተጽፎ ነበር። ሦስታችንም ሌላው ይነግራታል አልን። ከእሱ የሰማሽው በእኔ ምክንያት ነው።»

ልጅቷ አየቻት፤ ይቅርታም አላለች፣ አልተቆጣችም። ተነስታ ከእናቷ ትራስ ሥር ሰማያዊ ደብተር አወጣች።

«መምህርቷ ነግረውኝ ፈለግሁት። ሰኞ ማታ ትምህርት ቤት አሳርማ ማክሰኞ ልትሰጣቸው ነበር።»

የመጨረሻው ገጽ ነው። እርሳሱ ወረቀቱን ሊበሳ እስኪደርስ ተጭኖ ተጽፏል።

አቶ ቴዎፊል። ማሞቂያው ሲበራ ራሴን ያዞረኛል። ሦስት ጊዜ ነግሬዎታለሁ። እባክዎ አንድ ሰው ይጥሩልኝ። ልጅ አለኝ። ዘኖቪያ ፓልኩ።

ሊቪያ አንብባ ስትጨርስ ጓዳ ያለው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ከላይ የአንድ ሰው ስም፣ ከታች የአንድ ሰው ስም።

«ይህ ገጽ መዝገቡ ውስጥ መግባት አለበት» አለች በመጨረሻ። «ሦስት ጊዜ እንደነገረችው ይመሰክራል።»

ኢሊንካ ደብተሩን ደረቷ ላይ ይዛ አልለቅም አለች።

«ከሰጠሁዎት ማን ይመልስልኛል?»

«እኔ።»

«ጣቢያው ማለት ነው?»

«አይደለም። እኔ።»

«እርስዎ ብቻ?»

«እኔ ብቻ» አለች ሊቪያ፤ ከኪሷ እስክሪብቶ አውጥታ ደረሰኙ ላይ «የምርመራ ቡድኑ» የሚለውን ሰረዘችና ስሟን ጻፈች።